ስልከኛዋና የጠራው መስመር

በስልከኛዋ ቤት የነበረው ኢንተርኔት ስሙ እንጂ ሥራው ኢንተርኔት አልነበረም። ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይሄዳል። ዝናብ ሊጥል ሲል ይሸሻል፤ ፀሐይ ሲበረታም ሙቀቱ ይከብደዋል መሰለኝ ይዝላል። የወሩ ሂሳብ ብቻ ሳይዛነፍ ይመጣል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት እንግዲህ ይኼ ነው። የሕንፃው ሰው ሁሉ በዚያ ድርጅት ሲማረር ስልከኛዋም ትማረር ነበር፤ እንዲያውም ድምፅዋ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር። ልዩነቱ፣ ሌሎቹ ተማረው ድርጅት ሲቀይሩ እሷ ተማራ እዚያው መቀመጧ ነው። ለምን ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ቢጠይቋትም መልስ አይገኝባትም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ስልከኛ የሚሏት በሥራዋ ነው። ፀጉሯ እስኪሸብት ድረስ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የስልክ ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች፤ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ፣ ፊት ለፊቷ ቁልፍ የሞላበት ሰሌዳ ተዘርግቶ። «አንድ ጊዜ ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ» ማለት ለእሷ እንደ መተንፈስ ነው። ትልቁ ሀብቷ ግን ጆሮዋ ነበር። ከሩቅ የሚደውል የበሽተኛ ዘመድ ድምፁ በጩኸት ተውጦ ሲመጣ፣ ሌላው ሰው «አይሰማም» ብሎ ሲዘጋ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ከጩኸቱ መሃል ቃል በቃል ትለቅም ነበር፤ ሴት ጠጠር ከምስር እንደምትለቅም። የሆስፒታሉ ሐኪሞች እሷ ካልሰማችው ሰውዬው አልተናገረም ማለት ነው ይሉ ነበር። ደግሞም የሰማችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ታደርሳለች፤ ይህ የሙያዋ ክብር ነበር።

ትዳር አልያዘችም፤ ልጅም አልወለደችም። ያሏት እናቷ ናቸው። ሁለቱ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ሁለት ክፍል ይዘው ይኖሩ ነበር፤ ታናሽ ወንድሟ ሾፌሩ ደግሞ ከሚስቱ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ። ሾፌሩ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ስለሆነ ለእናቱ ፍቅሩን የሚገልጸው ካለፈበት ከተማ ሁሉ ፍራፍሬ በማምጣት ነው። የቀረው ሁሉ፣ መድኃኒቱ፣ ልብሱ፣ ገበያው፣ የጉልበት ቅባቱ፣ የስልከኛዋ ነበር። «የእኔ» የሚለውን ቃል የምታውለው እናቷ ላይ ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ እናትየው ፊታቸውን ይታጠቡና ንጹሕ ሻርፕ አድርገው መስኮቱ ሥር ካለው ሶፋ ላይ ይቀመጣሉ። ስልከኛዋ ስልኩን ብርጭቆ ላይ ታስደግፍና አክስቷ ጋ ትደውላለች። አክስቷ የእናትየው ታናሽ እህት ናቸው፤ ሩቅ ከተማ ይኖራሉ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በዚያ ኢንተርኔት የተሰቃየ ሁሉ ያውቀዋል። አክስቷ አፋቸውን እንደከፈቱ ደርቀው ይቀራሉ። ድምፃቸው ተሰብሮ፣ ተፈጭቶ፣ ግማሹ ቀድሞ ግማሹ ዘግይቶ ይደርሳል። እናትየው አንገታቸውን ያሰግጉና መስማት ሲያቅታቸው ወደ ልጃቸው ዞር ይላሉ።

«ምን አለች?» ይላሉ።

ይህችን ጥያቄ ስልከኛዋ በምንም አትለውጣትም ነበር። ጆሮዋን ወደ ስልኩ ጠጋ ታደርግና ትለቅማለች፤ «ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ ትላለች።» እናትየው «ደህና ነው በያት» ይላሉ፤ እሷም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታደርሳለች። ሁለት እህትማማቾች እሷ መሃል ካልገባች እንዴት ዋልሽ እንኳ መባባል አይችሉም ነበር። ኢንተርኔቱን እየረገመች ታስተረጉማለች፣ እያስተረጎመችም ልቧ ይሞቃል። ብሶትና ደስታ በአንድ ወንበር ሲቀመጡ ያየሁት በእሷ ላይ ነው።

ታዲያ አንድ እሑድ አክስቷ ከወትሮው ረዘም አድርገው ተናገሩ። ለእናትየው የደረሰው «እትዬ… ቤቱ… ነይና…» የሚል ቁርጥራጭ ብቻ ነበር። ስልከኛዋ ግን ሁሉንም ሰምታዋለች፤ እትዬ፣ ቤቱ ባዶ ሆነብኝ፣ ነይና የቀረንን ዕድሜ አብረን እንኑር ነበር ያሉት።

«ምን አለች?» አሉ እናትየው።

ስልከኛዋ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን አልወጣ አለ። «ናፍቀሽኛል ትላለች» አለች በመጨረሻ። ውሸት እንኳ አልነበረም፤ መናፈቁንማ ናፍቀዋል። እናትየው «እኔም ናፍቄሻለሁ በያት» አሉ፤ እሷም አደረሰች፤ ነገሩም በዚያው አለፈ። አክስቷ ግን የሚተዉ ሰው አይደሉም። በቀጣዩም እሑድ አሉት፣ ከዚያም በኋላ አሉት፣ ስልከኛዋም አንዴ «ቤቱ ሰፋኝ ትላለች»፣ አንዴ «ዝናብ ጥሎልናል ትላለች» እያለች አለፈችው። ሳትጨምር ሳትቀንስ በማድረስ የታወቀች ሴት በቤቷ የምትቀንስ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ያንን ድርጅት በአፏ ብትረግመውም በሆዷ ታመሰግነው ነበር።

የተረጋጋውን ነገር የበጠበጠችው የወንድሟ ሚስት ናት። ይህች ልጅ ፀጉር ሠሪ ነች፤ ጥግ ላይ ካለው ሕንፃ ሥር ሁለት ወንበር ያላት ሱቅ አላት፤ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ቤት ይገባል። አዲስ የኢንተርኔት ድርጅት ሰፈር ውስጥ ሥራ ጀመረ ሲባል ከሕንፃው ሁሉ ቀድማ የቀየረችው እሷ ነበረች። አንድ እሑድ የምድር ቤቱ መስመር ጭራሽ ድርግም ብሎ ጠፍቶ እናትየው የጠቆረ ስልክ ላይ አፍጥጠው ተቀምጠው ሳለ ብቅ አለችና፣ «እማማ፣ እኛ ጋ ይምጡ እንጂ፤ የእኛ መስታወት ነው» አለች። እናትየው ተነሥተው ሄዱ። ስልከኛዋ ቤት ማን ይጠብቃል በሚል ሰበብ ቀረች፤ ቤቱን ማንም ሊሰርቀው እንደማይመጣ እያወቀች።

እናቷ ሲወርዱ ፊታቸው ፈክቶ ነበር። «ድመት አላት» አሉ ገና ከበሩ። «ነጭና ጥቁር። ጭኗ ላይ ተኝታ አየኋት። ለካ ድመት አላት!» ስልከኛዋ ይህን ሁሉ ጊዜ ስታስተረጉም ስለ ድመት የሰማችው ነገር አልነበረም። ድመት ድምፅ ካላሰማ በጆሮ አይለቀም። ጎሽ ማለት ሲገባት «የድመት ፀጉር ይረግፋል፣ ለአስም ጥሩ አይደለም» አለችና ወደ ማጀት ገባች።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ እናትየው ወደ ላይ ሆኑ። ቀጥሎ ረቡዕም ተጨመረ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴትዮ አራት ፎቅ ደረጃ፣ በየመሃሉ እየተነፈሱ፣ የብረቱን ድጋፍ ይዘው ይወጣሉ። ሲመለሱም ባዶ አይመለሱም፤ አንድ ቀን ጥፍራቸው ተከርክሞ፣ አንድ ቀን ፀጉራቸው በዘይት ታሽቶ ተሠርቶ። ማን ሠራሽ ስትላቸው «ምራቴ ናታ። እጇ ለስላሳ ነው» አሉ፤ ያለ ምንም ተንኮል። ስልከኛዋ የራሷን እጅ ገልበጥ አድርጋ አየችው። ቁልፍ ሲነካ የኖረ ደረቅ እጅ ነው። አንጀቷ አረረ። ይህን በሌላ ስም ማሳመር አያስፈልግም፤ ቀናች። ምግብ ስታቀርብ ቀናች፣ ቅባቱን ስታሽላቸው ቀናች፣ እናቷ በሐሳብ ፈገግ ባሉ ቁጥር ያ ፈገግታ ከአራተኛ ፎቅ የመጣ መሰላት።

ከቅናቱ ሥር ደግሞ ፍርሃት ነበረ። መስታወት በሆነው መስመር ላይ አክስቷ ያንን ነገር ቢደግሙትስ? ስለዚህ እናቷ ገና ደረጃውን ወርደው ሳያርፉ ትጠይቃቸው ነበር። ነገሩ ተገልብጦ አሁን «ምን አለች?» የምትለው እሷ ሆነች።

«ምን ትላለች፣ ሰላም ናት» ይላሉ እናትየው። ከዚህ አያልፉም። ስልከኛዋም፣ ሰምተው ቢሆን ኖሮ ይናገሩ ነበር፣ እናቴ ነገር በሆዷ አታሳድርም ብላ ራሷን ታጽናና ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት የረሳችው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ረቡዕ ሥራዋ ቶሎ አለቀላትና በጊዜ ተመለሰች። ከደረጃው ላይ ሳቅ ሰማች። ቀና ስትል ሁለተኛው ፎቅ መዞሪያ ላይ እናቷና ፀጉር ሠሪዋ አንድ ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ከሥራቸው ትራስ ተነጥፏል፤ ስልኩን በሁለቱ ጉልበት መሃል አስደግፈውታል። ከስልኩ ውስጥ አክስቷም እየሳቁ ነው። ሦስቱ አንድ ላይ። ስልከኛዋ ቦርሳዋን እንደያዘች ከታች ቆመች፤ እንደ እንግዳ።

ፀጉር ሠሪዋ አየቻትና ፈጥና ቦታ ለቀቀችላት። የእማማ ጉልበት እንዳይደክም ብላ መሃል መንገድ ላይ ልትቀበላቸው እንደወረደች፣ ዋይፋዩም እስከዚያ ድረስ እንደሚደርስ ነገረቻት። ለእሷም የይለፍ ቃሉን ልትሰጣት እንደምትችል፣ ምድር ቤት ድረስ ባይዘልቅም ደረጃው ላይ ግን ደህና እንደሚይዝ ጨመረች። ልጅቷ ይህን ያለችው ከልቧ ነው። ስልከኛዋ ግን የሰማችው ደረጃ ላይ ቁጭ ብለሽ ለምኚ ያለቻት ያህል ነው።

«አያስፈልገኝም» አለች። «የራሴን አስገባለሁ።»

ሲሉ ሰምታ ዶሮ በመጫኛ ታንቃ ሞተች የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ያ የተቆራረጠ መስመር ምሽጓ እንደነበር፣ ጥርት ያለ መስመር ቤቷ ካስገባች እሷ የምትቆምበት ክፍተት እንደማይኖር ያን ጊዜ አላሰበችውም። ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቷ ከእንግዲህ ያንን ደረጃ እንዳይወጡ።

አሮጌውን ድርጅት መልቀቅ ግን ከመግባቱ የባሰ ሆነ። በምሳ ሰዓቷ ከስልክ ክፍሏ ደወለች። የተቀዳ ድምፅ ጥሪዎ ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነው አለና ሙዚቃ ከፈተላት። ሙዚቃው አልቆ ተጀመረ፣ አልቆ ተጀመረ። ሰውን መስመር ላይ ማስጠበቅ እንጀራዋ የሆነ ሴት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠባቂ ሆነች፤ ሙያዋም ተዋረደባት። እሷ ሰው ስታስጠብቅ በየመሃሉ እየገባች «አለሁ፣ እየሞከርኩልዎ ነው» ትላለች፤ እነዚህ ግን ከሙዚቃው ጋር ጥለዋት ጠፉ። በመጨረሻ አንድ ወጣት አነሣና ለምን እንደምትለቅ ጠየቃት። ስለማይሠራ ነው አለችው። በእኛ በኩል ይሠራል ነው የሚለው አላት። በእኔ በኩልስ ምን ይላል ብትለው የሚመለከተው ሌላ ክፍል ነው አለና «አገናኝዎታለሁ» ብሎ ዘጋባት። ስልከኛዋ ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ያቺ ቃል በሰው አፍ እንዲህ ስትረክስ ሰምታ አታውቅም ነበር።

በማግስቱ ራውተሩን ነቅላ በፌስታል አንጠልጥላ ቢሮአቸው ድረስ ሄደች። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ሳጥኑን አገላብጣ አይታ ካርቶኑስ አለቻት። ካርቶን ምን ያደርጋል ብትል፣ ያለ ካርቶኑ መረከብ አንችልም አለቻት። ቤቷ ተመልሳ ካርቶኑን ስትፈልግ ከእናቷ አልጋ ሥር የክርና የቁልፍ ማስቀመጫ ሆኖ አገኘችው። እናትየው ክራቸውን ሲያወጡ፣ ያኛውም ደግሞ እንዲህ ቢሆንስ፣ ከእጅ አይሻል ዶማ እንዳይሆን አሉ። ቀስ ብለውም፣ እኔ እንደሆንኩ ላይ መውጣቱ አይከብደኝም አሉ። ይህን ባይሉ ይሻል ነበር። ስልከኛዋ ካርቶኑን በቁጣ ስታራግፈው ቁልፎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ።

አዲሱም ድርጅት ቢሆን ዘመድ አልሆናትም። እንመጣለን ባሉበት ቀን ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ቤት ተቀምጣ ዋለች፤ የመጣ የለም። ደውላ ስትጮህ ቴክኒሻኑ መጥቶ በር ላይ ሰው እንዳጣ ተመዝግቧል አሏት፤ እሷ በሩ ሥር ወንበር አድርጋ ተቀምጣ ሳለ። ፀጉር ሠሪዋ ይህን ሰምታ ቴክኒሻኑን እንደምታውቀው፣ ሚስቱ ደንበኛዋ እንደሆነች ነገረቻት፤ ልንገርልሽ ወይ አለቻት። ስልከኛዋ ጥርሷን ነክሳ አመሰገነችና አያስፈልግም አለች። ሰውየው ግን በማግስቱ ከች አለ። ማን እንደላከው አልጠየቀችም፤ ውለታዋን መዋጥ ከሰውየው አቧራ ይበልጥ አነቃት።

ቴክኒሻኑ ግድግዳ በሳ፣ ገመድ ሳበ፣ ነጭ ሳጥን ሰቀለ፣ አረንጓዴ መብራቶቹ ተራ በተራ በሩ። እንኪ እዪው ብሎ የራሱን ስልክ አወጣና የእግር ኳስ ጨዋታ ከፈተ። ኳሷ ሳትቆም ከግብ እስከ ግብ ሄደች፤ የተመልካቹ ጩኸት፣ የዳኛው ፊሽካ፣ የአንዱ ተጫዋች ስድብ ሳይቀር ጥርት ብሎ ተሰማ። ስልከኛዋ አዳመጠች። የሚለቀም ነገር የለም። ጠጠሩም ምስሩም ተለይቶ ነው የሚመጣው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ማለት አሁን ገባት።

«ትንሽ ቀስ የሚል የላችሁም?» አለችው።

ቴክኒሻኑ ቀልድ መስሎት እስኪያስለው ሳቀ። ይህን ሥራ ከጀመረ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ደንበኛ እንደሌለ ነገራትና መሰርሰሪያውን ሰብስቦ እየሳቀ ወጣ።

እሑድ ከምሳ በኋላ እናትየው ፊታቸውን ታጥበው፣ ሻርፓቸውን አስተካክለው ወደ በሩ አመሩ። ስልከኛዋ ወዴት ነው አለቻቸው። ወደ ላይ ነዋ አሉ፤ ከዚያ የልጃቸውን ፊት አዩና ግድግዳው ላይ ያለውን ሳጥን አስታወሱ። «እውነትም» አሉና ተመልሰው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ያን ቀን ስልከኛዋ ፀጉር ሠሪዋንም ጠርታታለች። ደግነት አይደለም፤ እንድታይላት ነው። የማን ቤት እንደሆነ፣ የማን እናት እንደሆኑ እንድታይ። ልጅቷ የጥፍር ሞረዷን ይዛ መጥታ ከጥጉ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ስልኩ ገና ሳይጠራ አክስቷ ብቅ አሉ። ፊታቸው ስልኩን ሞላው፤ በፊት ጥርሳቸው መሃል ያለው ክፍተት ሳይቀር ይታያል። ድመቷ ከኋላቸው መስኮት ላይ ተጋድማለች። «እትዬ፣ እንዴት ዋልሽልኝ?» አሉ።

«እንዴት ዋልሽ ትላለች» አለች ስልከኛዋ። እናትየው ግን መልሰው ጨርሰዋል። አክስቷ የጉልበቱን ነገር ጠየቁ፤ ስልከኛዋ «ጉልበትሽን ትላለች» ስትል ሁለቱ ከጉልበት አልፈው የድመቷ ሆድ ላይ ደርሰዋል። እንዲህ ከኋላ ከኋላ ስትከተላቸው ቆየች፤ ያለቀ ነገር እየደገመች፣ አንድም ሰው ሳይሰማት። መተው አለመቻሏ አሳፈራት፣ ግን አፏ እሺ አላላትም። በኋላ ፀጉር ሠሪዋ ዓይኗን ወደ ሞረዱ ስትሰብር አየችና ዝም አለች። እስካሁን በሰው ነበር የምትቀናው፤ አሁን በመስመሩ ራሱ ቀናች። በዚያች በማትታይ ነገር፣ ሁለቱን ያለ እሷ ባገናኘቻቸው።

ከዚያ አክስቷ ድምፃቸውን ለወጥ አድርገው «እንግዲህ እትዬ…» አሉ። ስልከኛዋ ይህን አጀማመር ታውቀዋለች፤ ስንት እሑድ ከጩኸት ውስጥ ለቅማ ስንት እሑድ የዋጠችው ነው። ነጭ ሳጥኑ ከትከሻዋ አጠገብ ነበረ፤ ገመዱም እጇ ሊደርስበት የሚችል ቦታ ላይ ተሰክቷል። አየችው። እጇ ከጭኗ ላይ ተነሣ።

«ክፍሉን አስጠርጌ ጨርሻለሁ» አሉ አክስቷ። «አልጋሽን በመስኮቱ በኩል አድርጌዋለሁ። መቼ ነው የምትመጪልኝ?»

ጥያቄዋ አንዲትም ፊደል ሳትጎድልባት ቤቱ ውስጥ ገባች። መንገድ ላይ የቀረ ነገር አልነበረም። ነገሩም ገና የሚጀመር ግብዣ አልነበረም፤ ሲወራ የከረመ ነገር ነው። ስልከኛዋ እጇን መለሰችና ጭኗ ላይ አኖረችው።

እናትየው ለእህታቸው አልመለሱም። ቀስ ብለው ከስልኩ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ምን አለች?» አሉ።

መጀመሪያ ያልሰሙ መስሏት ነበር። ልቧ አንድ ጊዜ በደስታ ዘለለ እንኳ። ከዚያ ዓይናቸውን አየች። እናቷ ወደ ስልኩ አልነበረም የሚያዩት፤ እሷን ነው። ጥጉ ላይ ፀጉር ሠሪዋ ሞረዱን አቁማ ወለሉን እያየች ነበር፤ ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባት። እናቷ ሰምተዋል፤ ከብዙ እሑድ በፊት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። ይህችም ልጅ አብራ ሰምታለች። ሰምታም ለባሏ እንኳ ትንፍሽ አላለችም፤ ብላ ቢሆን ኖሮ ሾፌሩ በማግስቱ ደረጃውን እየጮኸ በወረደ ነበር። ስልከኛዋ ያንን ሁሉ ጊዜ ስትቀናባት የከረመችው ሴት ነውሯን ስትሸፍንላት ኖራለች።

«ናፍቀሽኛል ትላለች» የምትለዋ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። ብትላት እናቷ እንደሚቀበሏት አወቀች። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «እኔም በያት» ይላሉ፤ ያንን ጥያቄ ግን ዳግመኛ አይጠይቋትም። የተዘጋጀውም ክፍል ባዶውን ይቀራል፤ እዚሁ ሶፋው ላይ፣ በቅባትና በመድኃኒት መሃል፣ አጠገቧ ይኖሩላታል። የፈለገችው ይኼው አልነበረም? እናቷ እስክትወስን ጠበቋት።

«ነይና አብረን እንኑር ትላለች» አለች። «ክፍልሽን አዘጋጅቻለሁ፣ አልጋሽ በመስኮቱ በኩል ነው ትላለች። ዛሬ ብቻ አይደለም እማዬ። ከድሮም ስትል ነበር። እኔ ነኝ ያልነገርኩሽ።»

«እስክትነግሪኝ ነበር የጠበቅሁት» አሉ እናትየው። የልጃቸውን ደረቅ እጅ ያዙ። «ሳትነግሪኝ ብሄድ ተደብቄሽ የሄድኩ ይሆንብኝ ነበር።»

ስልከኛዋን እንባዋ ቀደማት። እናቷ እጇን አልለቀቁም፤ ቢሆንም ከዚያ በላይ የማባበያ ቃል አልጨመሩም። ትቀሪያለሽ ወይ ብላ ልትጠይቃቸው ፈለገች። ያንን ብትጠይቅ ግን እንደገና በሁለቱ መሃል መግባቷ ነው።

«እና ምን ልበላት?» አለች።

«እመጣለሁ በያት።»

አክስቷ ይህን ሁሉ በገዛ ጆሯቸው ሰምተዋል። አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ነገር ግን አልተናገሩም፤ እንደ ድሮው የስልከኛዋን ድምፅ ጠበቁ። እሷም ፊቷን ወደ ስልኩ አዞረችና ሥራ ቦታዋ ላይ እንዳለች ሁሉ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«አክስቴ፣ ትመጣለች» አለች። ምንም አልጨመረችም፣ ምንም አልቀነሰችም።